ባለ አርባ መዝጊያው አዳራሽ

ኑ ጠጋ በሉ። አንተም ልጄ፣ ያን የቤት ሥዕል የበዛበትን ወረቀት ለጊዜው አጠፍ አድርገውና ከጉልበትህ ሥር አስቀምጠው፤ አይሸሽም። አንቺም ነይ የኔ እመቤት፣ እዚህ ከጎኔ። ግንቦት እየተገባደደ ነው፣ ደመናውም ሰሞኑን ሆዱ ከብዷል። ክረምት ሳይገባ ቤት ላግኝ የሚል ሰው ልቡ ይቸኩላል፤ የቸኮለ ልብ ደግሞ ጆሮ የለውም። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምነግራችሁ ከእናቴ የሰማሁትን ነው፣ እሷም ከእናቷ። ካነሰ ሙሉበት፣ ከበዛም ተዉት።

አንድ አገር ነበረ። ስሙን እናቴ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋት። ንጉሥ አለው፤ ንጉሡ ግን ሩቅ ስለሚኖር ሰው የሚያየው ሹማምንቱን ብቻ ነው። ሕዝቡ ሥራ ወዳድ፣ ሳቂታ፣ ሰው አማኝ ነበረ። በአንድ ነገር ግን ከሌላው አገር ይለያል። በዚያ አገር ቤት የሚታወቀው በመዝጊያው ነበር። ግድግዳማ ምንድን ነው? ጭቃ ነው። መዝጊያ ግን አናጢ የጠረበው፣ የባለቤቱ እጅ ያለሰለሰው፣ የራሱ ቁልፍ ያለው ነገር ነው። ሰው ሲያገባ ከሁሉ በፊት መዝጊያ ያሠራል፤ ቤቱ ቢፈርስበት መዝጊያውን ከነመቃኑ ነቅሎ ይዞት ይሄዳል። ሕጋቸውም አንዲት ነበረች፦ «መዝጊያህ ከቆመበት፣ ቁልፍህ ከከፈተው ቤት የሚያስወጣህ የለም።» ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልጋታለን።

እንግዲህ ቤት መግዛት የፈለገ ሰው ቀብድ ያስይዛል፤ ቀብድ በየትም አገር አለ። የእነሱ ቀብድ ግን ገንዘብ አልነበረም፣ መዝጊያ ነበረ። ሰውየው የሚኖርበትን ቤት መዝጊያ ከነመቃኑ ነቅሎ ለሻጩ ያስረክባል፤ ቁልፉን በክር አድርጎ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። ደረሰኙ እሱ ነው። ለምን መዝጊያ ሆነ ብትሉ፣ መዝጊያ የሌለው ሰው ይበርደዋል፣ የጎረቤት ዶሮም ይገባበታል፤ ስለዚህ የምሩን እንደሚገዛ ይታወቃል። ሻጩም የሰው መዝጊያ ደጁ ላይ ተገትሮ ሲያየው ያፍርና ቶሎ ያስረክባል። ገዢ ካፈረሰ መዝጊያው ይቀርበታል፤ ሻጭ ካፈረሰ ሁለት አድርጎ ይመልሳል። ቆንጆ ሥርዓት ነበረች። ለስንት ትውልድ ሠርታለች።

ጥሩ ሥርዓት መቼም የሚበላሸው ሹም ሲሾምለት ነው።

ንጉሡ አንድ ቀን ከሩቅ ሆኖ አሰበና «የሕዝቤን መዝጊያ ዝናብ እንዳይመታው፣ ምስጥ እንዳይበላው» ብሎ ድልነሳው የሚባል ሰው የመዝጊያ አዛዥ አድርጎ ሾመ። አዛዥ ድልነሳው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሰው ነገር ሲያወሩ እውነቱን ነው። ደልደል ያለ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ለቅሶ ቤት ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነበር። ጉዱ አንድ ነው፤ «አይሆንም» ማለት አይወድም፣ «ይሆናል» ያለውንም አያደርገውም። ጥቂት እንደቆየ መዝጊያ መጠበቁ አልበቃው አለና ቤቱንም እኔው ልሽጥ አለ። እና ሻጩ እሱ፣ ቀብድ ጠባቂው እሱ፣ ክርክር ቢነሳ ዳኛውም እሱ ሆነ። ሦስት በርጩማ አሠርቶ አንዱን ለሻጭነቱ፣ አንዱን ለጠባቂነቱ፣ አንዱን ለዳኝነቱ አደረገ። «ሦስቱ ሹም አንድ ቦታ ሲገኝ ሕዝቡ ከመመላለስ ይድናል» አለ። ሰውም «እውነት ነው፣ እግራችን ዐረፈ» ብሎ አጨበጨበ። ሞኝነት ሲጀምር ዕረፍት ይመስላል ልጆቼ።

የሚሸጠው ቤትስ? እሱን ነው መስማት! ከከተማው በላይ ነፋሻ ኮረብታ አለ፣ ተስፋ አምባ ይሉታል። አዛዡ ኮረብታው ላይ በነጭ ኖራ መስመር አሰመረበት። እዚህ ጋ አራት ማዕዘን፣ እዚያ ጋ አራት ማዕዘን፣ በቃ። ገዢ ሲመጣ የአዛዡ አፍ የሆነ ሽብሩ የሚባል ሰው ይቀበለውና «ጫማዎን ያውልቁ፣ ሳሎን ሊገቡ ነው» ይለዋል። ሰውየውም ሣሩ ላይ ባዶ እግሩን ይቆማል። መስመሩን መርገጥ ክልክል ነው፤ ግድግዳ ነዋ! አንድ ገበሬ ሳያውቅ ከሳሎኑ ወደ ጓዳው ቢሻገር «በግድግዳ መሐል አለፈ» ተብሎ አንድ በግ ተቀጣ። ትስቃላችሁ። እነሱ አልሳቁም፤ በተራ ተሰልፈው መዝጊያቸውን አስረከቡ።

ከነዚያ መሐል ዘርትሁን የምትባል ገመድ ገማጅ ነበረች። ባሏ ቢሻው ጭቃ መራጊ ነው፤ የሰው ግድግዳ ሲለስን ይውላል። የባሏ እናት እማማ ጥጊቱ አብራቸው ትኖራለች፤ ጥርሷ አልቋል፣ ምላሷ ግን እንዳለ ነው። ቤታቸው ከወንዙ ዳር ስለሆነ በየክረምቱ ውሃው እስከ አልጋቸው እግር ይመጣል። ዘርትሁን ደግሞ ነፍሰ ጡር ሆነች። አራስ በደረቅ ቤት፣ በተዘጋ መዝጊያ ውስጥ መተኛት አለባት፤ ብርድና ምች ጨዋታ አያውቁም። ስለዚህ ኅዳር ላይ ሦስቱም ወደ ተስፋ አምባ ወጡ።

ሽብሩ እጁን ዘርግቶ «ይኸው ሳሎኑ» አለ።

«ኧረ ሰፊ ነው!» አለ ቢሻው፣ ጫማውን በእጁ ይዞ።

«ሰፊማ ነው» አለች እማማ ጥጊቱ፤ «ወዲያ ማዶ አገር ድረስ ይዘልቃል።»

«ጣሪያውስ የት አለ?» አለች ዘርትሁን።

«ጣሪያ መቼም ከላይ ነው የሚመጣው እመቤት፤ ከላይ የሚመጣ ነገር ትዕግሥት ይፈልጋል። ለጥምቀት ገብተው ይዘፍኑበታል።»

ዘርትሁን ልቧ አላመነም። ግን የወንዙን ውሃ አሰበች፣ ሆዷንም ዳሰሰች፣ ቢሻውም ሳሎኑ መሐል ቆሞ እንደ ልጅ ሲስቅ አየችው። እሺ አለች። የእነሱ መዝጊያ የቢሻው አባት ከዝግባ የጠረበው ነበር፤ ሲከፈት እንደ ሽማግሌ «እእእህ» ይላል። ነቅለው ከነመቃኑ አስረከቡ፤ ቁልፉን ዘርትሁን አንገቷ ላይ አሰረች።

ጥምቀት መጣ፣ ሄደ። «ለፋሲካ» ተባለ፤ ፋሲካም መጣ፣ ሄደ። በመዝጊያው ቦታ ሰሌን ሰቅለው ተቀመጡ። የጎረቤት ፍየል ሰሌኑን በግንባሯ እየገፋች ትገባና የዘርትሁንን ቃጫ ትበላለች። አንዲት ዶሮ ደግሞ እማማ ጥጊቱ ነጠላ ላይ ዕንቁላል መጣል ለመደች። «ይቺስ ኪራይ ትከፍላለች» ትላለች አሮጊቷ፤ «ፍየሏ ናት ያለ ውል የገባችብን።»

ብትጠይቅስ? አትሉኝም? መጠየቅማ አይቻልም ነበር። ሥርዓት ወጥቷል። ማክሰኞ ማክሰኞ ቀብድ የሰጠ ሁሉ ቁልፉን አንገቱ ላይ አድርጎ በአዛዡ ፊት ይሰለፋል፤ የትዕግሥት ቀን ይባላል። አዛዡ የእያንዳንዱን ትከሻ እየዳበሰ «እየተሠራ ነው፣ እየተሠራ ነው» እያለ ያልፋል። «መቼ?» ያለ ሰው ግን ልቡ ሸፍቷል፣ ውሉን አፍርሷል ይባልና መዝጊያው ይቀርበታል። አዛዡም በበኩሉ «አልሸጥም» አይልም፤ ካለ ሁለት ሁለት መዝጊያ ሊከፍል ነው። ስለዚህ እነሱ መቼ አይሉ፣ እሱ አይሆንም አይል፣ አርባ ቤተሰብ በሰሌን ውስጥ ተቀመጠ። መዝጊያችንን እንኳ እንየው ቢሉ «ቀብድ አይታይም፣ ዐይን ይበላዋል» የሚል ሌላ ሥርዓት አለ።

ግንቦት አለቀ። የዘርትሁን ቀን ደረሰ።

አንድ ጠዋት ሽብሩ ራሱ መጥቶ «አዛዡ አዲስ አዳራሽ አሠርተዋል፤ ለጣሪያው ማሰሪያ ጠንካራ ገመድ ይፈለጋል» አላት። ዘርትሁን ገመዷን ተሸክማ ሄደች። የአዛዡ ግቢ ስትደርስ ገመዱ ከትከሻዋ ወደቀ።

አዳራሹ ግድግዳ የለውም። ዙሪያውን መዝጊያ ነው! አርባ መዝጊያ፣ ከነመቃኑ፣ ጎን ለጎን ተገጥግጦ ቆሟል። የዝግባ አለ፣ የወይራ አለ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ አለ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ «ቀብድ መዝጊያ መሬት አይተኛም፣ ይጣመማል፤ ቆሞ ይጠበቅ» የሚል ጥንታዊ ትእዛዝ ነበረ። አዛዡም መዝጊያዎቹን አቆመ። ከቆሙ አይቀር በክብ አቆማቸው። በክብ ከቆሙ አይቀር ጣሪያ ጣለባቸው። «አንድ እንጨት ሳልገዛ አዳራሽ ሠራሁ» እያለ ለወዳጆቹ ይኮራል። እና ደግሞ፣ ይኼ ነው የኔን እናት እንባ እስኪወጣት የሚያስቃት፣ የአርባዎቹም ቁልፍ በሰው አንገት ላይ ስለሆነ አዛዡ መግቢያ አልነበረውም! በሁለት መዝጊያ መሐል ክፍተት ትቶ መጋረጃ ሰቀለበት። አርባ መዝጊያ ባለው አዳራሽ ሰውየው በመጋረጃ ይገባል።

ዘርትሁን ቤቷ ገብታ ለአማቷ ነገረቻት። እማማ ጥጊቱ ድዷ እስኪታይ ሳቀች።

«ቆሟል አልሽኝ? ከነመቃኑ?»

«ቆሟል እማማ። ጣሪያም አለው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ማክሰኞን» አለች ዘርትሁን። «ከራሱ አፍ አንድ ቃል እፈልጋለሁ።»

ማክሰኞ ደረሰ። ሰማዩ ጠቁሯል። አዛዡ ትከሻ እየዳበሰ «እየተሠራ ነው፣ እየተሠራ ነው» እያለ ሲመጣ ዘርትሁን እጅ ነሳች። ሰዉ ሁሉ መቼ ልትል ነው ብሎ ከአጠገቧ ሸሸት አለ።

«ጌታዬ፣ መቼ አልልም» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ይኼ በሆዴ ያለው ልጅ የት ይወለድ?»

አዛዡ ጨዋታ ወዳጅ አይደል? ሳቅ አለ። «የት ይወለዳል? በእናቱ ቤት ነዋ!»

«የእናቱ ቤት የትኛው ነው ጌታዬ?»

«አንቺ ሴት፣ ሕጉን ሕፃን ያውቀዋል! መዝጊያሽ ከቆመበት፣ ቁልፍሽ ከከፈተው! ሂጂ፣ በሰላም ተገላገይ!» አለና ሆዱን ይዞ ሳቀ። አርባው ቤተሰብ ሰማ፣ ሽብሩም ሰማ። ወዲያው የመጀመሪያው ጠብታ ወረደ።

ያ ዝናብ ዝናብ አልነበረም፣ ሰማዩ ተቀደደ እንጂ። ሰዉ ወደ ተስፋ አምባ ቀና ቢል ኖራው እንደ ወተት ሆኖ ቁልቁል ይፈስሳል። «ሳሎኔ! ሳሎኔ ወንዝ ገባ!» አለ ቢሻው ራሱን ይዞ። «ዋና እንኳ አያውቅ» አለች እናቱ። ሌላው መኝታ ቤቱን ይጣራል፣ ሌላዋ ጓዳዋን። ቀብድ የሰጡበት ቤት ሁሉ በአንድ ሰዓት ዝናብ ታጠበ።

ዘርትሁን ግን አላለቀሰችም። ምንጣፏን አስያዘች፣ ድስቷን አስያዘች፣ አማቷን በባሏ ጀርባ አሳዘለች፣ ቁልፏን በእጇ ይዛ ወደ አዛዡ ግቢ አመራች። ሰዉም «ወዴት ነው?» ሲል «ቤቴ» አለች። ተከተላት።

አዛዡ በዚያን ቀን አዳራሹን እያስመረቀ ነበር፤ እንግዶቹ ጠጅ እየጠጡ ተቀምጠዋል። ዘርትሁን መዝጊያዋን ፈልጋ አገኘች፣ ቁልፏን ከተተች፣ አዞረች። መዝጊያው «እእእህ» አለ። እማማ ጥጊቱ «ሰማኸው? አባትህ እኮ ነው» አለችው ልጇን፤ ገቡ።

ሽብሩ ብርሌውን ጥሎ ተነሳ። «በግድግዳ መሐል አለፈች! በግድግዳ መሐል አለፈች!»

«አንተ ልጅ፣ ግድግዳ ቁልፍ አለው እንዴ?» አለች እማማ ጥጊቱ፣ ገና ከጀርባ ሳትወርድ።

አዛዡ ተነሣ። «ዘርትሁን፣ ይኼ እኮ አዳራሽ ነው፣ ቤት አይደለም።»

«ጌታዬ፣ ዛሬ ጠዋት ሂጂ ብለውኝ ነው የመጣሁት።»

በየመዝጊያው ቁልፍ ሲዞር ይሰማል። ቀዩ ተከፈተ፣ የወይራው ተከፈተ። በአርባ በኩል ውሃ የሚያንጠባጥብ ሰው ገባ፣ ከነሕፃኑ፣ ከነዶሮው። እንግዶቹ ጠጃቸውን ከፍ አድርገው ይዘው ተነሡ።

«ዳኛ ፊት!» አለ ሽብሩ።

«ይሁን» አለች ዘርትሁን፤ «ዳኛ ፊት።»

ዳኛው ማን ነው? እሱው ነው! ሦስቱ በርጩማዎች መጡ። አዛዡ በሻጩ በርጩማ ተቀመጠና «ቤቴን ወረሩኝ» ብሎ ከሰሰ። ተነሥቶ ለዳኝነት በተሠራው ተቀመጠና «ቀብድ ጠባቂው ይመስክር» አለ። ተነሥቶ በጠባቂው በርጩማ ተቀመጠ። እማማ ጥጊቱ «ዳኛው ወንበሩ ላይ ስለሌለ እኔ ልጠይቅልህ» አለች።

«ድልነሳው፣ የዚህችን ልጅ መዝጊያ በደህና ጠብቀሃል?»

«በደንብ ጠብቄአለሁ እንጂ!»

«ታዲያ የትኛው ነው?»

አዛዡ ወደ አርባው መዝጊያ ዞረ። «እኔ ጋ የለም» ቢል ጠፋ ማለት ነው፣ ሁለት ሁለት ይከፍላል፤ ሰማንያ መዝጊያ የሚወጣው ጫካ ደግሞ በዚያ አገር የለም። «ይኼው እዚህ ቆሟል» ቢል መዝጊያዋ ቆሟል፣ ቁልፏ ከፍቶታል። ሰዉን አየ። ጣሪያውን አየ። የዘርትሁንን ሆድ አየ። ከዚያ፣ ያ ሰውዬ ክፉ አልነበረም ብያችኋለሁ፣ ከት ብሎ ሳቀ። ሆዱ እየተንቀጠቀጠ ወደ ዳኛው በርጩማ ተመለሰና «ፈርጃለሁ፤ በራሴ ላይ ነው» አለ። እንግዶቹ የያዙትን ጠጅ ለሰዉ አደሉት፤ ምረቃውም ምረቃ ሆነ።

ዘርትሁን በሦስተኛው ቀን በዝግባው መዝጊያ ውስጥ ሴት ልጅ ተገላገለች። መዝጊያው ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቶ ነበር። ስሟን እማማ ጥጊቱ ደጅይጥኑ አለቻት፤ «እኛ ደጅ ስንጠና ከረምን፣ ከእንግዲህ እነሱ ይጥኑ» ብላ።

ቢሻው በአዳራሹ ውስጥ ሠላሳ ዘጠኝ ጎረቤት አገኘ፤ በመሐላቸው ግድግዳ እያቆመና እየለሰነ ሁለት ዓመት ሥራ አላጣም።

ቀብድም ቀረ ማለት አይደለም። ቀብድ ከሌለ ማን ማንን ያምናል? ጠባቂው ግን ተለወጠ። የማይሸጥ፣ የማይገዛ ሰው ይሁን ተባለና እማማ ጥጊቱ ተመረጠች፤ ከሻጭም ከገዢም እኩል ስለምትጣላ። ዘርትሁን ለእያንዳንዱ ውል ሁለት ገመድ ትገምዳለች፣ አንዱ ለገዢ አንዱ ለሻጭ፣ በየገመዱ የተስማሙበትን ቀን ያህል ቋጠሮ አለ። በየጠዋቱ አንድ አንድ ይፈታል። ገመዱ ለስላሳ የሆነ ቀን ወይ ቤቱ ይሰጣል ወይ መዝጊያው ይመለሳል፤ መቼ ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም። ከዚያም በፊት ገዢው ቤቱ ድረስ ሄዶ ግድግዳውን በጀርባው ይደገፋል። «ጀርባህን ላልደገፈ ግድግዳ መዝጊያህን አትንቀል» የሚለው አባባል ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው።

ሽብሩ ተስፋ አምባ ላይ ገብስ ዘራበት። መስመር ማስመር ስለሚያውቅበት ትልሙ ቀጥ ያለ ነበር፣ ምርቱም ደህና ነው ይባላል።

አዛዥ ድልነሳው ከአዳራሹ መሐል አንዲት ክፍል ተረፈችው፣ መጋረጃ ያላት። ያቺ ቃጫ በላተኛ ፍየል መጋረጃውን በግንባሯ መግፋት ቶሎ ለመደች። ብርዱን ሁለት ክረምት ከቀመሰ በኋላ መዝጊያ አሠራ፣ ቁልፉንም አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። ቤት ልግዛ ብሎ የሚመጣ ሰው ሲመክር «በመጀመሪያ እማማ ጥጊቱን አማክር» ይል ነበር።

እማማ ጥጊቱ መቶ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ሞተች። ስትሞት ቤቷን ቢፈትሹ ጊዜው ያለፈበት የሰው መዝጊያ አንድም አልተገኘም።

ንጉሡ ይኼን ሁሉ አልሰማም። ዘርትሁን አርጅታ፣ ልጇን ደጅይጥኑን ድራ፣ በዚያው ቤት ኖረች፤ መዝጊያውም እስከ መጨረሻው ሲከፈት «እእእህ» እንዳለ ነበር።